«ምከረው፣ ምከረው» ብቻውን ሙያ አይሆንም



ባለፈው ሳምንት ማታ በወንዶች መኝታ ቤት አንድ ጨዋታ ተነሥቶ ነበር። ተመርቀን የትም ቀበሌ ብንመደብ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ካስተማርን በኋላ ምን ለመማር እንደምናስብ በየተራ እንናገራለን። አንዱ ሒሳብ አለ፣ አንዱ አካውንቲንግ አለ፣ አንዱ ደግሞ «እኔ ባጃጅ!» ብሎ አሳቀን። በታችኛው አልጋ ላይ የተጋደመው ጓደኛችን ግን «እኔስ ሳይኮሎጂ ተምሬ የምክር አገልግሎት ባለሙያ ነው የምሆነው» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «የዕብድ ሐኪም ልትሆን ነዋ!» ያለ ነበር። «ለምክር ደግሞ ዲግሪ ያስፈልጋል እንዴ? አያቴ ፊደል ሳትቆጥር ስትመክር አይደል የኖረችው!» ያለም ነበር። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም ከሳቂዎቹ ጋር ነበርን፤ መካድ አይገባንም።

ሳቁ አልፎ መብራት ከጠፋ በኋላ ግን ነገሩ ይከነክነን ጀመር። ልጁ ምን አጠፋ? ምክር ማንም ሊሰጠው የሚችል ነገር ነው የምንል ከሆነስ፣ ለመሆኑ እኛ እስከ ዛሬ የሰጠነው ምክር ማንን ጠቀመ? በዚህ ጉዳይ ላይ ያለንን አስተያየት በግድግዳ ጋዜጣችን ልናወጣው ወሰንን። የማይስማማ ካለ ቦታው ክፍት ነው፤ ጽፎ ያምጣና ከጎናችን ይለጥፈው።

እንደሚመስለን የሳቁ ምንጭ ቃሉ ራሱ ነው። በቋንቋችን «ምክር» ሲባል የሚያውቀው ለማያውቀው የሚሰጠው ነገር ነው፤ ሽማግሌ ለወጣት፣ አባት ለልጅ፣ አስተማሪ ለተማሪ። እንደ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። «ምከረው፣ ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረት የማያውቅ በመካከላችን አይገኝም። ታዲያ ልብ ብሎ ላዳመጠው፣ በዚህ ተረት ውስጥ ተመካሪው አንዲት ቃል አይተነፍስም። ይነገረዋል፣ እምቢ ይላል፣ መከራ ይረከበዋል፣ አለቀ። ለምን እምቢ እንዳለ የጠየቀው የለም። የምክር አገልግሎት የሚባለው ሙያ የሚጀምረው እንግዲህ ተረቱ ዘሎ ባለፈው ቦታ ላይ ነው፤ «ለምን?» ብሎ ከመጠየቅና መልሱን እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ከመስማት።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ሀቢቾ አካባቢ ያደገ፣ አምና ከእኛው ጋር ይማር የነበረ አንድ ልጅ ነበር። ስሙን አንጽፍም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ታላቅ ወንድሙ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲጓዝ መንገድ ላይ ቀረ። ወሬው በስልክ የደረሰው ማታ፣ ራት በልተን ስንመለስ ነው። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ፣ ፍትሐት የለ። ወደ ቤተሰቡ ሄዶ ለቅሶ ተቀምጦ በሳምንቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ምግብ ቤት የሚመጣው አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን እየቀረ፣ ክፍል ውስጥም ዓይኑ መስኮት መስኮቱን እያየ ሆነ። እኛ ታዲያ ምን አደረግን? መከርነዋ! «አይዞህ፣ ወንድ ልጅ አይደለህ እንዴ!» አልነው። «የተወሰደውን ምን ታደርገዋለህ?» አልነው። «ለእናትህ ስትል በርታ፣ ፈተናው ደርሷል» አልነው። ሁሉም ከቅን ልቡና የወጣ ነበር። አንዳችንም ግን «ወንድምህ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብለን አልጠየቅነውም። ስለ ወንድሙ ቢያወራ የሚብስበት መስሎን ወሬ እናስቀይረው ነበር። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አንድ ጠዋት ፍራሹን ጠቅልሎ ሄደ። አሁን የት እንዳለ የሚነግሩን ይለያያሉ። ከአጎቱ ጋር እርሻ ላይ ነው የሚሉ አሉ፤ ሞያሌን አልፏል የሚሉም አሉ።

ጠይቀነው ቢሆን ኖሮ አይሄድም ነበር አንልም። ማን ያውቃል? ሆኖም ያ ሁሉ ምክራችን እሱን ለመርዳት ነው ስንል፣ እውነቱን ለመናገር ግማሹ ራሳችንን ለማሳረፍ ነበር። የሰው ሐዘን ፊት ለፊት ተቀምጦ ዝም ብሎ መስማት ከባድ ነው፤ «አይዞህ» ብሎ መነሣት ይቀላል። ይህን ከባዱን ነገር ሳይሸሹ መሥራት የሚማሩበት ሙያ አለ ቢባል ሊያስቀን ባልተገባ ነበር።

ሙያውን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ራሱ በዚሁ ስሕተት ውስጥ አልፏል። ካርል ሮጀርስ የሚባለው አሜሪካዊ (እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1987 የኖረ) መጀመሪያ ግብርና፣ ቀጥሎ ሃይማኖት ሲያጠና ቆይቶ በመጨረሻ ወደ ሥነ ልቡና የገባው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ነው። ከመምህራን ቤት የወጣ ነው ማለት ነው፤ ይህን ለመምህራኖቻችን እንደ ማስታወሻ እናስቀምጠዋለን። ሮቼስተር በምትባል ከተማ ችግር ካለባቸው ሕፃናት ጋር ለ12 ዓመት ሲሠራ አንዲት እናት ረባሽ ልጇን እያመጣች ትመላለስ ነበር። ሮጀርስ የልጁ ችግር የሚመነጨው ከእናቲቱ አያያዝ መሆኑን አውቆ፣ ይህንኑ ሊያስረዳት በትሕትና ብዙ ደከመ። አልሆነም። በመጨረሻ «አልተሳካልንም፣ እንተወው» ተባብለው ተሰነባበቱ። ሴትዮዋ በሩ ጋ ስትደርስ ዘወር ብላ፣ እዚህ ቤት አዋቂዎችንስ ታማክራላችሁ ወይ ብላ ጠየቀችው። አዎ ሲላት ተመልሳ ተቀመጠችና ስለ ትዳሯ፣ ስለ ድካሟ፣ ስለ ራሷ ማውራት ጀመረች። እውነተኛው ሥራ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ሮጀርስ በኋላ እንደ ጻፈው፣ የሚጎዳው ምን እንደ ሆነና በየት በኩል መሄድ እንደሚሻል የሚያውቀው ባለጉዳዩ ራሱ መሆኑን ያስተማረችው እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ አማካሪ ሊኖረው የሚገባውን ሲያስረዳ፣ እውነተኛነትን፣ ሰውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበልንና ራስን በሌላው ቦታ አድርጎ መረዳትን አስቀደመ። «ጥሩ ምክር መስጠት» ከነዚህ ውስጥ የለም።

ሌላው የሙያው ሥር ደግሞ ሥራ መምረጥ ነው፤ ይህኛው እንዲያውም እኛን በጣም ይነካናል። ፍራንክ ፓርሰንስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1908 ቦስተን ውስጥ፣ ከየአገሩ የፈለሱ ድሆች በሚኖሩበት ሰፈር፣ ወጣቶች ሥራ ሲመርጡ የሚረዳ ቢሮ ከፈተ። በዚያው ዓመት ሞተ፤ መጽሐፉ የወጣው በዓመቱ ነው። ሐሳቡ ሲበዛ ቀላል ነው። መጀመሪያ ራስህን እወቅ፤ ቀጥሎ ሥራዎቹ ምን እንደሚጠይቁና ምን እንደሚሰጡ እወቅ፤ ከዚያ ሁለቱን አስተያይተህ በረጋ አእምሮ ወስን። እስቲ አሁን ከእኛ መካከል በዚህ መንገድ አስቦ ወደ መምህርነት የመጣ እጁን ያውጣ! «ውጤቴ ያመጣልኝ ይኸው ነው» የሚል፣ «አባቴ ፎርም አምጥቶ ሙላ አለኝ» የሚል፣ «ጓደኛዬ ስለ ተመዘገበ» የሚል ነው የሚበዛው። ይህን የምንለው መምህርነትን ለማጣጣል አይደለም። ገብተንበት የወደድነው ብዙዎች ነን። ነገር ግን በ17ና በ18 ዓመታችን ከፊታችን ተቀምጦ «አንተ ምን ያስደስትሃል? የምትችለውስ ምንድን ነው?» ያለን ሰው አለመኖሩ ሊያሳዝነን ይገባል።

የ12ኛ ክፍልን ነገር እንመልከት። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ሲሰጥ የተቀመጡት ተማሪዎች ወደ 900 ሺህ ይጠጉ ነበር። በጥር ውጤቱ ሲነገር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። ስለ ትምህርት ጥራት፣ ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን ብቃት ብዙ ተባለ፤ ይባል፣ ተገቢ ነው። እኛን የሚያሳስበን ግን ከዚያ ማግስት ነው። ከመቶ 96 የሚሆኑት ልጆች ያን ቀን ወደየቤታቸው ሲገቡ ማን ተቀበላቸው? 12 ዓመት አስተምሮ፣ ከብት ሸጦ ያኖረ አባት ፊት እንዴት ቆሙ? ጥቂት የማይባሉት በማካካሻ ትምህርት ሁለተኛ ዕድል አግኝተዋል። የቀሩት ልጆች ግን ከወደቁ በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሰው የሚያንኳኩት በር አልነበራቸውም። ትምህርት ቤት ያለፈውን ይሸኛል፤ የወደቀውን አያውቀውም።

በእኛ በሃዲያና በከምባታ ደግሞ የወደቀውን የሚጠብቀው ሌላ በር ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ደላላው። ወንድሙ ጆሃንስበርግ ሱቅ የከፈተለት ልጅ ሆሳዕና ላይ የተሠራውን ፎቅ ያያል፣ በዱራሜና በሾኔ መንገድ ላይ ያለውን ቆርቆሮ ቤት ያያል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለው ክፍለ አገር በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴነር ውስጥ ታፍነው የሞቱትን 64 ኢትዮጵያውያን ግን አያይም። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሉሳካ ዳር መንገድ ላይ ተጥለው የተገኙትን 27 አስከሬኖችም አያይም። ወሬውን ሰምቶ ይሆናል፤ ግን ፎቁ ቅርብ ነው፣ ኮንቴነሩ ሩቅ ነው።

ለዚህ ችግር እስካሁን የምናውቀው መድኃኒት ስብሰባ ነው። ተማሪው ሜዳ ላይ ይሰለፋል፣ እንግዳው ድምፅ ማጉያ ይይዛል፣ «ስደት ይጥፋ» ይባላል፣ ይጨበጨባል። በማግስቱ ሁለት ልጆች ከክፍል ይጎድላሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው ብለን እናምናለን። ልጁ ቤት ውስጥ አባቱ መሬት አስይዞ ገንዘቡን አዘጋጅቷል፤ «ወንድምህ ደረሰ፣ አንተ ምን ትጠብቃለህ?» ይባላል። ልጁ መሄድ አይፈልግ ይሆናል፤ ይፈራ ይሆናል፤ ወይም በጣም ይፈልግ ይሆናል። የትኛው እንደ ሆነ በሰልፍ ላይ አይናገርም። በሩ ከተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ «አትሂድ»ም «ሂድ»ም ከማይለው አንድ ሰው ጋር ግን ሊናገረው ይችላል። ይህ ሰው ከሌለ ልጁ ጉዳዩን የሚያማክረው ያንኑ ደላላ ነው። ደላላው እኮ ጥሩ አድማጭ ነው!

እንግዲህ «ትምህርት ቤቶቻችን የምክር አገልግሎት ክፍል አላቸው እኮ» የሚለን ይኖራል። አላቸው። ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ በነጭ ቀለም «የምክር አገልግሎት» ተብሎ በሚያምር ጽሕፈት ተጽፏል። ውስጡ የተሰበሩ ዴስኮች፣ የጠመኔ ካርቶንና የስፖርት መረብ ተከምሮበታል። ቁልፉ ያለው ንብረት ክፍል ነው። አማካሪ ተብለው የተመደቡት መምህር የክፍለ ጊዜ ብዛታቸው አነስ ያለ በመሆኑ የተሰጣቸው ነው፤ ዋና ሥራቸውም ያረፈዱትን መመዝገብ ሆኗል። እሳቸውን አንወቅስም፣ ለሥራው ያዘጋጃቸው የለም። ነገር ግን ተማሪ «አማካሪ ይፈልግሃል» ሲባል ፊቱ ጥቁር ሲል አየን። የጥፋተኛ መጥሪያ ሆኗላ! በፈቃዱ እዚያ በር ላይ የሚቆም ልጅ ከወዴት ይመጣል?

በዚያው ልምምድ ላይ ከሴት እጩ መምህራኖቻችን አንዷ ያጋጠማትን ነግራናለች። አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ በየጠዋቱ ትተኛለች። ከሷ በፊት የነበሩት ቁሚ እያሉ፣ ከክፍል እያስወጡ ነበር። እሷ በዕረፍት ሰዓት ዛፍ ሥር ይዛት ተቀመጠችና «ማታ ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?» አለቻት። በቃ፣ ይህን ብቻ። ልጅቱ መጀመሪያ በአማርኛ «ምንም አልሆንኩም» አለች፤ በሃዲይሳ ስትጠየቅ ግን እንባዋ መጣ። እናቷ ከታመመች ወራት አልፏል፣ የቤቱ ሥራ በሙሉ በሷ ላይ ነው፤ ቆጮውን ጋግራ፣ ታናናሾቿን አብልታ ስትጨርስ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ችግሩ በዚያ ቀን አልተፈታም። የክፍሉ ኃላፊ ሰምተው የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ብታረፍድ እንዳትቀጣ አደረጉ፤ ይኸው ነው። ልጅቱ ግን መጮኽ ካቆሙባት በኋላ መተኛቱን ቀነሰች ብላናለች።

ከዚህ የቋንቋው ነገር እንዳያመልጠን። የዚህ ሙያ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ዩኒቨርሲቲም የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ልጅ የሚያለቅሰው ግን በእናቱ ቋንቋ ነው። ከሌላ አካባቢ ከሚመጣ ባለሁለት ዲግሪ ይልቅ ሃዲይሳውን ወይም ከምባትኛውን አጥርቶ የሚያውቅ የአካባቢው ልጅ ተምሮ ቢመጣ የሚሻልበት ሥራ ቢኖር ይህ ነው። በታችኛው አልጋ ላይ የተኛው ጓደኛችን እንግዲህ አንድ እርምጃ ቀድሟል።

«ሽማግሌ እያለ፣ የሃይማኖት አባት እያለ አማካሪ ለምን?» የሚለውን እንመልስ። ሽምግልናን ማንም ከእኛ በላይ አያከብረውም። ሽማግሌ ሁለት የተጣሉ ወገኖችን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ ነገሩን በአደባባይ አውጥቶ ዕርቅ ያወርዳል። ያቺ ሌሊት ስትጋግር የምታድር ልጅ ግን ከማን ጋር ትታረቅ? የሚከሳት የለም፣ የምትከሰው የለም። ሐሳቧን ብቻ ነው የተሸከመችው። እንዲህ ያለው ሸክም አደባባይ አይወጣም፤ «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ ይቀራል። ሆድም እየፈጀው ሰውየው ያልቃል።

ስለ አያት የተናገረው ጓደኛችን ግን ሳያውቀው ትልቅ ነገር ተናግሯል። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም አንዲት ታካሚያቸው ሕይወቷን አጠፋች። ቤተሰቦቿ ወደ ሆስፒታሉ መልሰው ሊያመጧት ፈልገው የአውቶቡስ 15 ዶላር አጥተው ነበር። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ ሕመምተኛው እስኪመጣ ሆስፒታል ቁጭ ብሎ መጠበቅ እንደማያዋጣ ተረዱ። እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ 14 አያቶችን መርጠው አሠለጠኑና፣ በጤና ጣቢያ ግቢ በተሠራ የእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጧቸው። የጨነቀው ሰው ይመጣል፣ ከአያቲቱ ጎን ይቀመጣል፣ ይናገራል። በአገሩ ቋንቋ ሕመሙ «ኩፉንጊሲሳ» ይባላል፤ ትርጉሙ አብዝቶ ማሰብ ነው። እኛስ «ሐሳብ በላው፣ ሐሳብ ጨረሰው» አይደል የምንለው? እ.ኤ.አ. በ2016 በ573 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሲታተም፣ አግዳሚው ላይ ከአያቶች ጋር የተቀመጡት ከስድስት ወር በኋላ የጭንቀትና የድብርት ምልክታቸው ከሌሎቹ ይልቅ በጣም ቀንሶ ተገኘ። ስለዚህ አያት ትችላለች! ነገር ግን እነዚያ አያቶች ሠልጥነዋል፣ ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ያውቃሉ፣ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ለማን እንደሚያስተላልፉ ያውቃሉ፣ ከኋላቸውም የሚከታተላቸው ባለሙያ አለ። ያ ባለሙያ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፤ አንዱ ተምሮ መሆን አለበት።

«የዕብድ ሐኪም» ለተባለው ባጭሩ እንመልስ። የአእምሮ ሐኪም ሌላ ነው፤ ሕክምና ተምሮ መድኃኒት የሚያዝ። አማካሪ መድኃኒት አያዝም። አብዛኛው ሥራው ከጤነኛ ሰው ጋር ነው፤ ከወደቀ ተማሪ፣ ካዘነ ተማሪ፣ መንገዱ ከጠፋበት ተማሪ ጋር። የሕክምና ጉዳይ የሆነውን ለይቶ በጊዜ ወደ ሆስፒታል መላክ ግን ግዴታው ነው። ይህን መለየት ራሱ ትምህርት ይጠይቃል። አገራችን ለብዙ ዘመን በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ስትተማመን የኖረች በመሆኗ «የአእምሮ ነገር» ሲባል ቶሎ በዓይናችን የሚመጣው ሰንሰለት ነው፤ ቀልዱም ከዚያ የመጣ ነው።

እስካሁን ሙያውን አወደስን። አሁን ደግሞ ጓደኛችን ወረቀቱን ከመሙላቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባውን እንናገር።

መንገዱ ረጅም ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ በሳይኮሎጂ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሁሉም ላይ የተደነገገውን የመውጫ ፈተና ማለፍ፣ ከዚያም ሁለተኛ ዲግሪ። ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂን ለብቻው አጥንቶ ማስተርስ ለመያዝ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ቦታ መግባት ያስፈልጋል። ደመወዙ የማስተማሩን ያህል ነው፤ ከዚያ ብዙም ፈቅ አይልም። ቤተሰብም «ሳይኮሎጂ ተምረህ ምን ልትበላ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ሥራው ከትምህርት ቤት ሌላ በዩኒቨርሲቲዎች፣ በሆስፒታሎችና በእርዳታ ድርጅቶች ይገኛል፤ ቁጥሩ ግን ጥቂት ነው። ይህን እያወቀ የሚገባ ይግባ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ አይመስለንም። የሚከብደው ምስጢር ነው። አዲስ አበባ ላይ አማካሪና ተማካሪ በሩን ከዘጉ በኋላ መንገድ ላይ ላይተዋወቁ ይችላሉ። እኛ አገር ግን አማካሪው የልጅቱ አጎት ጎረቤት ነው፤ ሚስቱና የልጅቱ እናት አንድ ዕድር ናቸው፤ እሑድ አንድ ጉባኤ ይቀመጣሉ፤ ማክሰኞ አንድ ገበያ ይወጣሉ። «ያቺ ልጅ ቢሮህ ስትገባ አየኋት፣ ምን ሆና ነው?» ይባላል፤ ደግሞም በክፋት አይባልም፣ በፍቅር ነው የሚጠየቀው። ዝም ካለ ኩሩ ይባላል። ከተናገረ ደግሞ ሥራው በዚያ ቀን አበቃለት፤ አንድ ጊዜ ከዚያ ክፍል ወሬ ከወጣ፣ ሌላ ልጅ በዚያ በር አይገባም። እንግዲህ ወሬ የሚጣፍጠው ሰው ይህን ሙያ እንዳይሞክረው ከአሁኑ እንመክራለን። (መምከር አይቀርም!) እንዲሁም ምስጢር ድንበር እንዳለው ማወቅ ይገባል። የልጁ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ፣ ወይም ሕፃን ልጅ በሰው እየተጎዳች ከሆነ ዝም ማለት አይገባም። ይህን ድንበር ደግሞ ልጅቱ አፏን ከመክፈቷ በፊት ነው መንገር፤ ካወራች በኋላ «ለሰው መናገር አለብኝ» ማለት ክህደት ነው።

ለመምህራኖቻችን አንድ ሁለት ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። የሥነ ልቡና ትምህርት ይሰጠናል፤ የፒያዤን ደረጃዎች በቃላችን እንወጣለን፣ ለፈተናም እንጽፋለን። አንድም ቀን ግን ሁለት ሁለት ሆነን፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ሳያቋርጥ አሥር ደቂቃ የሚያዳምጥበት ልምምድ አልተሰጠንም። ቀላል መስሎን በራሳችን ሞክረነው ነበር። ከአራተኛው ደቂቃ ያለፈ የለም! ሁላችንም «እኔም እኮ አንድ ጊዜ...» እያልን ገባንበት። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ1907 ግራንድ ራፒድስ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ጄሲ ዴቪስ የሚባል ርእሰ መምህር ከምንም ሳይጠብቅ በድርሰት ክፍለ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ተማሪዎች ስለ ራሳቸውና ወደፊት ሊሆኑ ስለሚፈልጉት እንዲጽፉ አድርጎ ነበር። በእኛ የማስተማር ልምምድ ላይ ይህን ማድረግ በጀት አይጠይቅም፤ አንድ ደብተርና የሚያነብ መምህር ይበቃል።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። ይህን ስናዘጋጅ በቀጥታ ሄደን ለምን ይህን ሙያ እንደ መረጠ ጠየቅነው፤ ሳናቋርጥ ለመስማትም ተማምለን ነበር። ብዙ አልተናገረም። አምና ያ ልጅ ከሱ በላይ ባለው አልጋ ላይ ይተኛ እንደ ነበር አስታወሰን። ሌሊት ሌሊት ሲያለቅስ ይሰማው ነበር፤ ምን እንደሚለው ስለማያውቅ የተኛ ይመስል ነበር። «ምን እንደሚባል ባውቅ ኖሮ እነቃ ነበር» አለን።

ለአስተዳደሩ የምናቀርበው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አሮጌ ካርታዎች የተከመሩባት ትንሽ ክፍል አለች። ካርታዎቹን ወደ ማስተማሪያ መርጃ ክፍል ለማዛወር ቅዳሜ ከሰዓት አሥራ አንድ ሆነን ተመዝግበናል። ሁለት ወንበርና የሚዘጋ በር ካገኘን፣ ከመምህራን አንዱ በሳምንት ሁለት ማታ እዚያ ለመቀመጥ ፈቃደኛ መሆናቸውን ገልጸውልናል። ቁልፉን ግን ስንጠይቅ አንዱ ሌላው ጋ ነው እያለ ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። የያዘ ሰው ካለ ለዝግጅት ክፍሉ ያስረክብልን።